መሬቱ ቢረጋም ልቤ አልረጋም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዕትም ከደረሱን ደብዳቤዎች አራቱን መርጫለሁ። አራቱም የተጻፉት ከአዳማ ሲሆን፣ የሚጠይቁት አደጋው ካለፈ በኋላ በሰው ልብ ውስጥና በሰዎች መካከል ስለሚቀረው ነገር ነው። የጸሐፊዎቹን ስምና ሰፈር አላወጣሁም።

ጥያቄ፦ የምኖረው በአንድ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በ2017 ዓ.ም. ገና ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሌሊት ቤታችን ሲናወጥ ልጄን አቅፌ በሌሊት ልብሴ ደረጃውን ወረድኩ። ያ ሁሉ ካለፈ ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖታል። እኔ ግን እስካሁን ጋደም ስል ፍራሹ ይወዛወዝብኛል፤ ተነሥቼ ስመለከት መጋረጃው እንኳ አልተነቃነቀም። ከባድ መኪና በመንገዱ ሲያልፍ ልቤ ድው ድው ይላል፤ ላብ ያጠምቀኛል። የምተኛው ልብሴን እንደለበስኩ፣ የበሩን ቁልፍ ትራሴ ሥር አድርጌ ነው። ባለቤቴ «ያለፈ ነገር ነው፣ አታካብጂው» ይለኛል። የሰባት ዓመት ልጄ ደግሞ ትቶት የነበረውን አልጋ ላይ መሽናት እንደገና ጀምሯል፤ ከእኩዮቹ ጋር ሲሆንም ጠረጴዛውን እያናወጠ «መጣ! መጣ! ውጡ!» የሚል ጨዋታ ያዘወትራል። ልከልክለው ወይስ ልተወው? እኔስ አእምሮዬን እየሳትኩ ይሆን? መሬቱ ቢረጋም ልቤ አልረጋም።

መልስ፦ እህቴ፣ አእምሮዎን እየሳቱ አይደለም። የሚሰማዎት መወዛወዝ በብዙ ሰው ላይ የታየና ስም የወጣለት ነገር ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ የማይለያቸው ጃፓናውያን «ጂሺን ዮይ» ይሉታል፤ የመሬት መንቀጥቀጥ ስካር እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ከደረሰባቸው ታላቅ መንቀጥቀጥ በኋላም ሆነ በ2016 በኩማሞቶ ከደረሰው በኋላ፣ ምድሩ ጸጥ ባለበት ሰዓት ወለሉ የሚወዛወዝባቸውና ራሳቸውን የሚያዞራቸው ሰዎች ብዙ ነበሩ። በውስጠኛው ጆሯችን ያለው ሚዛን ጠባቂ አካልና ስጋት ያደረበት አንጎላችን፣ ትንሿን እንቅስቃሴ ሁሉ፣ አንዳንዴም የገዛ ልባችንን ምት፣ የመሬት ንዝረት አድርገው ይቆጥሩታል።

በእኛ ዘንድ የሆነውንም እናስታውስ። ከ2017 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች ሥር ቅልጥ አለት በስንጥቆች መካከል እየሰረገ ምድሩን ለወራት ሲያናውጥ፣ አንዱ ካለፈ በኋላ ሌላው መቼ እንደሚመጣ የሚናገር አልነበረም። እርስዎ የጠቀሱት የታኅሣሥ 26ቱ መንቀጥቀጥ 5 ነጥብ 8 ገደማ፣ በየካቲት የደረሰው ደግሞ 6 ገደማ ሆኖ ተመዝግቧል። አንድ ጊዜ ደርሶ የሚያበቃ አደጋ ሰውን ያስደነግጠዋል፤ ለወራት የሚመላለስ አደጋ ግን መጠበቅን ያስተምረዋል። የእርስዎ ሰውነት የተማረው መጠበቅን ነው፤ የተማረውንም ገና አልረሳም።

አንድ ሌሊት ሌባ አጥር ሲዘል ያየ የግቢ ውሻ ከዚያ በኋላ ለቅጠል ኮሽታም ይጮኻል። ይህ የሚሆነው አብዶ ሳይሆን ጠባቂነቱ በዝቶበት ነው። በአንጎላችን ውስጥ አሚግዳላ የሚባለው ትንሽ ክፍል ሥራው እንደዚሁ ነው፤ ያለፈውን አደጋ የሚመስል ድምፅ፣ ሽታ ወይም ንዝረት ሲያገኝ፣ አመዛዛኙ የአንጎላችን ክፍል ነገሩን መርምሮ ሳይጨርስ፣ ልብን ያስሮጣል፣ ጡንቻን ይወጥራል። ባለቤትዎ «ያለፈ ነገር ነው» ሲሉዎት እርስዎም ማለፉን በደንብ እያወቁ ሰውነትዎ አልሰማ የሚልዎት በዚህ ምክንያት ነው። ውሻን ተከራክሮ ዝም ማሰኘት አይቻልም። የሚቻለው ቅጠሉ ቅጠል ብቻ መሆኑን ደጋግሞ እንዲያይ ማድረግ ነው።

ስለዚህ በመኝታ ክፍልዎ ጠረጴዛ ላይ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ያስቀምጡ። ወለሉ የተወዛወዘ ሲመስልዎት አንድ ጊዜ ይመልከቱት፤ ውሃው ረግቶ ካዩ ሁለቱንም እግርዎን መሬት ላይ አሳርፈው ትንፋሽዎን ከወትሮው ረዘም አድርገው ቀስ ብለው ያውጡ። «አንድ ጊዜ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ደጋግሞ መፈተሽ ስጋቱን ይቀልበዋልና። ልብስ ለብሶ መተኛትንም በአንድ ሌሊት ልተው አይበሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ቁልፉን ከትራስዎ ሥር አውጥተው በበሩ አጠገብ ይስቀሉት፤ እሱን ሲለምዱ የሌሊት ልብስዎን ለብሰው፣ የቀን ልብስዎን አልጋው ራስጌ አስቀምጠው ይተኙ። ጫማና ባትሪ በቅርብ ማኖር ግን ሁልጊዜም ተገቢ ጥንቃቄ ስለሆነ ፍርሃት ብለው አይቁጠሩት። በሚናወጥበት ጊዜ ወደ ደረጃው ከመሮጥ ይልቅ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ተጠግቶ ራስን መሸፈንን ከልጅዎ ጋር ተለማመዱት። በ2008 ዓ.ም. ጥር ወር በሐዋሳ በደረሰው መለስተኛ መንቀጥቀጥ ብዙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተጎዱት ተደናግጠው ለመውጣት ሲሽቀዳደሙ ነበር። ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ሰውነት ከማያውቀው ይልቅ ቶሎ ይረጋጋል።

የስልክዎንም ነገር አደራ። በእነዚያ ወራት የተሰነጠቀ አስፋልትና የሚጨስ መሬት የሚያሳዩ ምስሎች ሌሊቱን ሙሉ ሲዘዋወሩ አይቻለሁ፤ እውነተኛው ከሐሰተኛው ጋር ተደባልቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ ቦስተን ከተማ በማራቶን ውድድር ላይ ቦምብ ከፈነዳ በኋላ የተደረገ ጥናት፣ በተከታዩ ሳምንት በቀን 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘገባውን ሲመለከቱ የሰነበቱ ሰዎች በቦታው ከነበሩት እንኳ የበለጠ የጭንቀት ምልክት እንደታየባቸው አረጋግጧል። ዓይናችን ደጋግሞ ያየውን ሰውነታችን አንዳንዴ የደረሰበት ያህል ይመዘግበዋል።

መለየት ያለበትን ደግሞ ልለይ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ከዓለም ሕዝብ 70 በመቶ ያህሉ በዕድሜው አንድ አሰቃቂ ነገር ይደርስበታል፤ ድህረ አደጋ የጭንቀት ሕመም በሕይወት ዘመኑ የሚይዘው ግን 3 ነጥብ 9 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። አብዛኛው ሰው ይጨነቃል፣ ይባንናል፣ ከዚያም በወዳጅ ዘመድ መካከል ሆኖ ያገግማል። ሕመም የምንለው፣ የሆነው ነገር በቅዠትና በድንገተኛ ትዝታ እየተመለሰ ሲያስጨንቅ፣ ሰውየው ያንን የሚያስታውሰውን ሁሉ ሲሸሽ፣ በትንሽ በትልቁ ሲበረግግ፣ ይህም ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ ሥራውንና ትዳሩን ሲያውክ ነው። የእርስዎ ደብዳቤ ከእነዚህ አንዳንዶቹን ይዟልና ባለሙያ ቢያዩ እመርጣለሁ። ጊዜው አለፈ ብለው አይስጉ። እ.ኤ.አ. በ1988 በአርመን 25 ሺህ ያህል ሰው የገደለው መንቀጥቀጥ ከደረሰ በኋላ፣ ጊዩምሪ በተባለችው ከተማ ለሚኖሩ ታዳጊ ተማሪዎች የምክር ሕክምና የተሰጣቸው ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ነበር። ያገኙት ተሻላቸው፤ ያላገኙት ጓደኞቻቸው ግን ዓመታት ሲያልፉ በድብርት እየባሱ ሄዱ። ጊዜ ሁሉን ይሽራል የሚለውን አነጋገር እኔ እንደ ባለሙያ በጥንቃቄ ነው የምሰማው።

ልጅዎን በምንም ምክንያት አይቆጡት፤ በተለይ በሽንቱ አያሳፍሩት። አንሶላውን ዝም ብለው ይቀይሩ፤ ማታ ማታ ፈሳሽ ይቀንሱለት፤ እስኪተኛ ድረስ አጠገቡ ይቀመጡ። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ፍርሃቱን በቃል አይነግረንም፤ በሰውነቱና በጨዋታው ነው የሚነግረን። ጨዋታውን አይከልክሉት፤ ግን ቀረብ ብለው ይመልከቱት። እ.ኤ.አ. በ1976 በካሊፎርኒያ ቻውቺላ በተባለች ትንሽ ከተማ 26 ልጆች ከትምህርት ቤት አውቶቡሳቸው ጋር ተጠልፈው ከመሬት በታች በተቀበረ መኪና ውስጥ ተዘግቶባቸው ነበር። ሁሉም በሕይወት ወጡ። ሌኖር ቴር የተባለች የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም ስትከታተላቸው አንዳንዶቹ የደረሰባቸውን ያለ ሳቅና ያለ ለውጥ፣ መቋጫም ሳያበጁለት፣ ደጋግመው ሲጫወቱት አየች። የእርስዎ ልጅ ከእኩዮቹ ጋር እየሳቀ፣ አንድ ቀን አዳኝ አንድ ቀን ሸሺ እየሆነ የሚጫወት ከሆነ ፍርሃቱን እያላመጠው ነው፤ ደስ ይበልዎት። ፊቱ ከስሞ ሁልጊዜ አንዱን ብቻ የሚደጋግም ከሆነ ግን ገብተው መጨረሻውን ያብጁለት፤ «አሁን ቆመ፣ እናቴ አቀፈችኝ፣ ቁርስ በላን» የሚል መጨረሻ።

ለባለቤትዎም አንድ ቃል አለኝ። ያን ሌሊት እኔም ጋቢ ደርቤ ከጎረቤቶቼ ጋር መንገድ ላይ ነበርኩ። ስለ ፍርሃት ብዙ ተምሬአለሁ፣ አስተምሬአለሁም፤ ጉልበቴ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ያረጋጋኝ ያስተማርኩት አይደለም። አንዲት ጎረቤታችን ምድጃ አውጥታ፣ ከሰል አያይዛ ቡና አፈላች፤ ሰላምታ እንኳ የማንለዋወጥ ሰዎች ምድጃውን ከበን ቆመን ነጋ። ጌታዬ፣ «አታካብጂው» የሚለውን ይተዉትና «አይዞሽ፣ አለሁ» ይበሉ፤ በነቃች ጊዜም አብረዋት ይንቁ።

ጥያቄ፦ የ29 ዓመት ሹፌር ነኝ፤ የምሠራው በጅቡቲ መስመር ነው። ባለፈው ዓመት በደረሰብኝ ግጭት ረዳቴ ሞተ፤ እኔ ተረፍኩ። መሞት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። እሱ የሞተበትን ቦታ ላለማለፍ ስል ሥራ እመልሳለሁ። ቀን በጫት ነው የምውለው፤ ማታ ካልጠጣሁ እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም፤ አሁን ደግሞ ከመድኃኒት ቤት የእንቅልፍ ኪኒን መውሰድ ጀምሬአለሁ። ለቤተሰቦቹ ልቅሶ አልደረስኩም። ዓይናቸውን ማየት አልቻልኩም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ አስቀድሜ ኪኒኑን ላንሣ፤ ሊጎዳህ የሚችለው እሱ ነውና። ዳያዜፓምና መሰሎቹ ከመጠጥ ጋር ሲገናኙ ትንፋሽን እስከማቋረጥ ሊደርሱ ይችላሉ። እነሱን ወስዶ መሪ መጨበጥም በራስህና በሰው ነፍስ ላይ መፍረድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከእ.ኤ.አ. 2013 ጀምሮ ከአሰቃቂ አደጋ በኋላ በመጀመሪያው ወር ለሚመጣ ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች እንዳይታዘዙ መክሯል፤ ማስታገሻ ሆነው ይጀምሩና ልማድ ሆነው ይቀራሉ። ብዙ ሳምንት ወስደህ ከሆነ ግን በድንገት አትቁረጥ፤ በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ይቀነሳል። መጠጡም እንቅልፍ የሚመስል ነገር ይሰጥህና ከእኩለ ሌሊት በኋላ በቅዠት ይቀሰቅስሃል፤ ጫቱ ደግሞ የሚበረግገውን ልብህን ይበልጥ ያስበረግገዋል። እንዲህ ቀንና ሌሊት እየተጓተቱ ሰውነትህን ጨርሰውታል።

«መሞት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ» ያልከው ቃል በብዙ የተረፉ ሰዎች አፍ ላይ አለ። ከዚያ አልፎ ራስህን ለማጥፋት የምታስብ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ለምታምነው ሰው ንገር፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂድ፤ በከተማችን ባለው የመንግሥት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍልን ጠይቅ፤ ከዚያ በላይ የሚያስፈልግህ ከሆነ አዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይልኩሃል። የሚሸሹትን ትዝታ ከባለሙያ ጋር ሆኖ፣ በመጠንና በተራ፣ እንደገና የሚቀርቡበት የንግግር ሕክምና አለ፤ በብዙ አገር ተፈትኖ ውጤቱ የታወቀ ነው። በእሱ ሂደት አንድ ቀን በዚያ ቦታ ታልፋለህ፤ መጀመሪያ መሪ ሳትይዝ፣ ከሌላ ሹፌር ጎን ተቀምጠህ።

ከሁሉ የከበደህ ልቅሶ አለመድረስህ ይመስለኛል። በአገራችን ልቅሶ ያልደረሰ ሰው ከሟቹ ጋር ብቻ ሳይሆን ከሕያዋኑም ጋር ይቆራረጣል። ብቻህን አትሂድ። የረዳትህን ቤተሰብ የሚያውቁ ሁለት ሽማግሌዎችና አንድ የሥራ ባልደረባህ አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ከዚያ ሂድ። የምትናገረው ካጣህ አትናገር። ብዙ ጊዜ እንዳየሁት ቤተሰቡ ሲጠብቅ የነበረው ማብራሪያ አይደለም፤ ልጃቸውን በመጨረሻ ሰዓት ያየውን ሰው ማየት ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከጦር ግንባር ከተመለሰ ወዲህ ሌሊት እየጮኸ ይነሣል፤ ለብቻው ይቀመጣል። እናታችን ጠበል እንውሰደው ትላለች፤ እኔ ሐኪም ቤት እላለሁ። በዚህ ምክንያት ተኳርፈናል።

መልስ፦ ኩርፊያው ወንድማችሁን ሌላ ሸክም እንዳያሸክመው እፈራለሁ። እናታችሁ ጠበል ስትል «ልጄን የሚያድነው አለ» ማለቷ ነው፤ አንቺም ሐኪም ስትይ የምትመኚው ያንኑ ነው። ሁለቱን ማስኬድ ይቻላል፤ ግን በሦስት ነገር አትደራደሪ፤ እንዳይታሰር፣ እንዳይደበደብ፣ የታዘዘለት መድኃኒት ካለ እንዳይቋረጥ። ለሙስሊም ቤተሰቦች በቁርኣን ንባብ ስለሚደረገው ሩቅያም የምለው ይኸው ነው።

እናታችሁ «ልክፍት ነው» ካለች፣ ይህ ሕመም ወታደሮችን ከጥንት ጀምሮ ሲከተላቸው የኖረ መሆኑን በቀስታ አስረጂያት። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ማየርስ እ.ኤ.አ. በ1915 «የመድፍ ድንጋጤ» ብሎ ጻፈለት፤ ብዙዎቹ ወታደሮች ግን እንደ ፈሪ ይቆጠሩ ነበር። በሕክምናው መዝገብ ዛሬ ባለው ስሙ፣ ድህረ አደጋ የጭንቀት ሕመም ተብሎ፣ የገባው ከቬትናም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ወንድማችሁ ሲጮኽ በእጃችሁ ነቅንቃችሁ አትቀስቅሱት፤ ራቅ ብላችሁ ስሙን ጠርታችሁ «ቤትህ ነህ፣ አዳማ ነህ» በሉት። ስላየው ነገርም እሱ ካልጀመረ አትጠይቁት።

ጥያቄ፦ ላለፉት ዓመታት በሰፈራችን የእድር ዳኛ ሆኜ አገልግያለሁ። ከመንቀጥቀጡ በኋላ ከመተሐራ በኩል የመጡ ሦስት ቤተሰቦች በሰፈራችን ተከራይተው ይኖራሉ። እድር ግቡ ብለናቸው ገቡ፤ ነገር ግን ጥሩምባ ሲነፋ አይወጡም፣ ልቅሶ ቤትም አይቀመጡም። በደንባችን መሠረት ቅጣት ጣልንባቸው። አንደኛው አባወራ ያለ አንዳች ቃል ከፍሎ ሄደ፤ ፊቱን ሳይ ግን ጸጸተኝ። አንድ የሚያውቅ ሰው «ሰብስባችሁ የደረሰባቸውን በየተራ ይናገሩ፣ ይወጣላቸዋል» ብሎ መክሮናል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ አባቴ፣ ጸጸትዎ ራሱ የመልሱ ግማሽ ነው። በመጀመሪያ የተመከሩትን አያድርጉ። ከአደጋ የወጡ ሰዎችን በአንድ ቀን ሰብስቦ የሆነውን በየተራ ማናገር በአንድ ወቅት በብዙ አገር ተለምዶ ነበር፤ ሲጠና ግን ሕመሙን እንደማይከላከል፣ አንዳንዱንም እንደሚያብስ ተረጋገጠ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው የመጀመሪያ የሥነ ልቦና እርዳታ መመሪያ የሚለው ሌላ ነው፤ የሚያስፈልጋቸውን ማየት፣ መናገር ሲፈልጉ መስማት፣ ከሚረዳቸው ሰውና አገልግሎት ጋር ማገናኘት። እርስዎና እድርዎ ይህን ለማድረግ ከእኔ ቢሮ የተሻለ ቦታ ላይ ናችሁ።

ሰዎቹ ልቅሶ ላይ የማይቀመጡት ስለናቋችሁ አይመስለኝም። ቤቱ የተሰነጠቀበት፣ ከብቱን ጥሎ የወጣ፣ የሚያውቀው ሰው የተበተነበት ሰው፣ በውስጡ ያላለቀሰው ብዙ ልቅሶ አለው። የሌላው ልቅሶ ላይ ከተቀመጠ የራሱ ይከፈትበታል፤ እንዳይከፈትበት በሩን ይዘጋል። ለእናንተ የጥሩምባው ድምፅ «ኑ» የሚል ጥሪ ነው፤ በጭንቅ ሌሊት ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ ለወጣ ሰው ግን «ሽሽ» የሚል ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው ልኮ በር አንኳኩቶ መንገር ይህን ያቀልለታል።

እዚህ ላይ አንድ የሩቅ ታሪክ ልንገርዎ፤ ስለ እናንተ ሰፈር የተነገረ ስለሚመስለኝ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1972 በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ቡፋሎ ክሪክ በሚባል ጠባብ ሸለቆ ውስጥ፣ ከከሰል ማዕድን የወጣ ዝቃጭ ያቆረው ግድብ ተደርምሶ 125 ሰው ሞተ፤ 4 ሺህ ያህል ሰው ቤት አልባ ሆነ። መንግሥት ለተረፉት ቶሎ ብሎ ተጎታች ቤቶች አቀረበ፤ ነገር ግን ጎረቤትን ከጎረቤት ሳያገናኝ፣ በተገኘው ቦታ አሰፈራቸው። ካይ ኤሪክሰን የተባለ የሶሲዮሎጂ ሊቅ ወደዚያ ሄዶ ሕዝቡን ሲያነጋግር፣ ሰዎቹ የተጎዱት ሁለት ጊዜ መሆኑን ተረዳ። አንደኛው ጎርፉ በእያንዳንዱ ላይ ያደረሰው ድንጋጤ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ቀስ ብሎ የመጣው፣ ማንም አደጋ ብሎ ያልጠራው፣ ሰውን ከሰው የሚያያይዘው ድርና ማግ መበጠስ ነው። ከተጎታች ቤቶቹ መካከል የሚኖሩት ሰዎች ምግብና ጣሪያ ነበራቸው፤ የሚያውቃቸው ግን አልነበረም፤ ከጊዜ በኋላም ማን እንደነበሩ ለራሳቸው ጠፋቸው።

የእኛ አገር ሰው ይህን ሳያጠና ያውቀዋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን የመጀመሪያው ናዳ ቤቶችን ሲውጥ፣ ጎረቤቶቻቸውን ለማውጣት የሮጡት ሰዎች በሁለተኛው ናዳ ተቀበሩ፤ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። በዚያ ቀበሌ የጠፉት ሟቾቹ ብቻ አይደሉም፤ በመከራ ጊዜ ቀድሞ የሚደርሰው ወገን ራሱ ጠፋ። ሰው የሚያገግመው በሰው በኩል ስለሆነ፣ እንዲህ ያለው ጉዳት የመዳኛውን መንገድም አብሮ ይሰብራል። አዳማ በ2010 ዓ.ም. ገደማ ከሶማሌ ክልል የተፈናቀሉ ቤተሰቦችን ስትቀበል ያየሁትም ይህንኑ ነበር፤ ቶሎ የቆሙት ብዙ እርዳታ ያገኙት ብቻ አልነበሩም፤ ስማቸውን የሚጠራ ጎረቤት ያገኙት ናቸው።

ስለዚህ ለተቀጡት ሰዎች የምጠይቅዎት ይህ ነው። የቅጣቱን ገንዘብ ይመልሱላቸው፤ ደንቡ ካልፈቀደ ጠቅላላ ጉባኤ ጠርታችሁ ለተፈናቃይ አንድ ዓመት ቅጣት እንዳይኖር ወስኑ፤ የመግቢያውንም ክፍያ አንሡላቸው። ግን በነጻ የሚጦሩ እንግዶችም አታድርጓቸው። ምጽዋት ብቻ የሚቀበል ሰው ጎንበስ ብሎ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2007 ተመራማሪው ስቴቫን ሆብፎልና ባልደረቦቹ ከአደጋ በኋላ ለሚሰጥ እርዳታ ካስቀመጧቸው አምስት መሠረቶች አንዱ፣ ሰውና ማኅበረሰብ «ይህን ማድረግ እችላለሁ» የሚለውን ስሜት መመለስ ነው፤ የቀሩት ደኅንነት፣ እርጋታ፣ ትስስርና ተስፋ ናቸው። አባወራው ልቅሶ ቤት መቀመጥ ከከበደው ድንኳን በመትከል ይጀምር፤ ካስማ ሲመታ፣ ገመድ ሲወጥር፣ ወንበር ሲቆጥር ማንም ወደ ፊቱ አይመለከትም፤ እጁ ሥራ ላይ ሲሆን ልቡም ትንሽ ያርፋል። ሴቶቹን ንፍሮ ሲቀቀል ወይም ሽንኩርት ሲከተፍ ጥሯቸው፤ ብዙ ወሬ የሚወጣው ከመክተፊያው አጠገብ ነው። ሲናገሩ ስሟቸው፤ «ተመስገን በሉ፣ ከእናንተ የባሰ አለ» አትበሏቸው፤ በቅን ልብ ይባላል፣ ነገር ግን አፋቸውን ይዘጋዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሦስቱ ቤተሰቦች ከመጡበት የሚያውቁት ሰው በአዳማ ሌላ ሰፈር ይኖር እንደሆነ ይጠይቋቸው፤ ካለ፣ በወር አንድ እሑድ እነዚያንም ጠርታችሁ በእድሩ አዳራሽ ቡና አፍሉላቸው፤ በሚወዱት ቋንቋ፣ በሚወዱት ወግ ይጫወቱ። እናንተ ደግሞ ቡናውን አቅርባችሁ ትንሽ ራቅ በሉላቸው።

ገንዘቡን ለመመለስ በሚሄዱበት ቀን ከገንዘብ ያዡ ጋር አይሂዱ፤ ጉዳዩ የሒሳብ እንዳይመስል። አመሻሽ ላይ፣ ባለቤትዎን ይዘው፣ እንደ ጎረቤት ይሂዱ፤ ብሩንም ስንብት ላይ እንጂ ገና እንደ ገቡ አያውጡት።